አበበ ቢቂላ
ሻምበል አበበ ቢቂላ (ነሐሴ 1 ቀን 1924 – ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የማራቶን ሯጭ ነበር። በ1952 ዓ.ም. በሮም፣ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የኦሊምፒክ ማራቶንን አሸንፎ፣ ይህን ውድድር ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል።

የልጅነት ሕይወት

አበበ የተወለደው በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ነው። በልጅነቱ ከብት ይጠብቅ፣ የገና ጨዋታም ይጫወት ነበር። በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ወታደርነት ተቀጠረ።

የሱሉልታ መንገድ

ሱሉልታ ከእንጦጦ ተራራ ባሻገር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። አበበ በዚያን ጊዜ ከሱሉልታ ኮረብቶች አዲስ አበባ ድረስ በየቀኑ እየሮጠ ይመላለስ ነበር። አየሩ ስስ በሆነበት ደጋ ዳገትና ቁልቁለቱን መልመዱ ለረጅም ርቀት የሚሆን ጉልበትና ትንፋሽ ሰጠው። በጦር ኃይሎች ሻምፒዮና ከዋሚ ቢራቱ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ።

ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ይህን ችሎታ አይቶ ለማራቶን ያዘጋጀው ጀመር። አበበ በ1952 ዓ.ም. ክረምት የመጀመሪያ ማራቶኑን በአዲስ አበባ አሸነፈ። ከአንድ ወር በኋላ እዚያው በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገባ። ይህ ሰዓት በኤሚል ዛቶፔክ ተይዞ ከነበረው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለ ቢሆንም በውጭ አገር እምብዛም አልታወቀም ነበር።

ሮም

በሮም የቀረበለት አዲስ ጫማ ስላልተመቸው፣ በልምምድ እንደለመደው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ውድድሩ የተካሄደው በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ጳጉሜን 5 ቀን ምሽት ነበር። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ፣ ጣሊያን ከአክሱም ወስዳ ባቆመችው ሐውልት አካባቢ ጥሎት ሄደ። በቆንስጣንጢኖስ ቅስት ሥር ያበቃውን ሩጫ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ፈጽሞ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ።

ቶኪዮና ሜክሲኮ

ከቶኪዮ ውድድር በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ግን ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ጫማ አድርጎ ሮጠ። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ሲያሸንፍ ሁለተኛውን በአራት ደቂቃ በልጦ ነበር። እንደ ገባም በሜዳው ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ ግን የእግር ጉዳት ስለነበረበት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ድሉን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደ።

አደጋና ሕልፈት

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሸኖ አካባቢ በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታከመ፤ በዚያም በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተካፈለ። በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በውሾች በሚጎተት የበረዶ መንሸራተቻ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ።

በ41 ዓመቱ አርፎ አዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። በአዲስ አበባ አንድ ስታዲየም በስሙ ተሰይሟል። ሱሉልታና እንጦጦም እስከ ዛሬ የኢትዮጵያ ሯጮች የሚለማመዱባቸው ቦታዎች ናቸው።