ነጭ ለባሹ እንግዳ፦ የሄንሪ ዱናንት ሕይወት

በአምቡላንስ በር ላይ፣ በመድኃኒት ሣጥን ላይ ወይም በችግር ጊዜ በሚታደል የእህል ከረጢት ላይ ቀዩን መስቀል ያላየ ሰው በመካከላችን አይገኝም። ይሁን እንጂ ያ ምልክት ከየት እንደ መጣ፣ በማንስ ድካም እንደ ተተከለ የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይጠቅማል ብለን የሄንሪ ዱናንትን ሕይወት በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዓመታቱን ያሰፈርነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዱናንት በሜይ 8 ቀን 1828 በስዊስ አገር በጄኔቫ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ የካልቪንን ትምህርት የሚከተሉ ፕሮቴስታንቶች ሲሆኑ፣ ወላጅ አልባ ሕፃናትንና ድኾችን በመርዳት የታወቁ ነበሩ። ልጃቸውም ገና በወጣትነቱ በትርፍ ጊዜው ችግረኞችንና እስረኞችን መጎብኘት ለመደ። በትምህርቱ ግን ብዙ አልገፋም። ወደ ባንክ ሥራ ገባና በዚሁ ሥራ ምክንያት በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥር ወደ ነበረችው ወደ አልጄሪያ ተላከ። በዚያም የራሱን የእህል ወፍጮ ኩባንያ አቋቋመ። ነገር ግን ለሥራው የሚያስፈልገውን መሬትና ውሃ የሚፈቅድለት ባለሥልጣን አጣ፤ ስለዚህ ጉዳዩን ለፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ለናፖሌዎን ሣልሳዊ ራሱ ሊያቀርብ ቆረጠ።

ያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ከሰርዲኒያ ንጉሥ ጋር ተባብሮ በሰሜን ኢጣሊያ ከኦስትሪያ ጋር ይዋጋ ነበር። ዱናንትም ከስዊስ ጋር ወደምትዋሰነው ወደ ሎምባርዲያ ተጓዘ። እንግዲህ ይህ ሰው ድንበር የተሻገረው ለምሕረት ሥራ ሳይሆን ለንግዱ ጉዳይ እንደ ነበረ ልብ እንበል።

በጁን 24 ቀን 1859 በሶልፌሪኖ አካባቢ ወደ 300,000 የሚጠጉ ወታደሮች ከማለዳ እስከ ማታ ተዋጉ። ሲመሽ ወደ 40,000 የሚጠጋ ሰው ሞቶና ቆስሎ በሜዳው ላይ ተዘርግቶ ነበር። በዚያው ምሽት ዱናንት በአቅራቢያው ወዳለችው ካስቲልዮኔ ደሌ ስቲቪዬሬ ደረሰ። ይህች ከተማ በ1591 በሮም የወረርሽኝ ሕሙማንን ሲያስታምም ታሞ የሞተው የቅዱስ ሉዊጂ ጎንዛጋ የትውልድ ቦታ ናት። በዓሉም ከውጊያው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የሚውል ነው።

ወደዚህች ትንሽ ከተማ 9,000 ያህል ቁስለኛ ጎረፈ። አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ገዳማቱ፣ መኖሪያ ቤቶቹና መንገዶቹ ሁሉ በቁስለኛ ተሞሉ። ምግብና ውሃ ጨርሶ አልጠፋም፤ ነገር ግን የሚያጎርስና የሚያጠጣ እጅ ስላልነበረ ሰዎች በረኃብና በጥም ሞቱ። ሐኪሞቹም ለዚህ ሁሉ ቁስለኛ የሚበቁ አልነበሩም።

ዱናንት ሐኪም አልነበረም፤ ሆኖም ለጉዞ የለበሰውን ነጭ ልብስ ሳይለውጥ ወደ ታላቁ ቤተ ክርስቲያን ገባ። በውስጡ 500 ያህል ወታደሮች ተነባብረው ተኝተው ነበር። ከከተማይቱ ካህን ከዶን ሎሬንጾ ባርዚዛና ከአካባቢው ሴቶች ጋር ሆኖ ቁስል አጠበ፣ አጠጣ፣ የሚሞቱትንም የመጨረሻ ቃል ለእናቶቻቸው ለማድረስ ተቀበለ። ልጆች ከምንጭ ውሃ እየቀዱ ያመላልሱ ነበር። ዱናንት ሠረገላ ነጂውን ወደ ብሬሻ ልኮ ሎሚና ሸሚዝ፣ ለቁስል የሚሆን ነገርና ትምባሆ በራሱ ገንዘብ አስገዛ። ፈረንሳዮች የማረኳቸው የኦስትሪያ ሐኪሞች ተፈትተው ቁስለኞችን እንዲያክሙ አማለደ። ቁስለኞቹ ስሙን ስላላወቁ ነጭ ለባሹ ሰው አሉት።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የሴቶቹ ሥራ ነበር። ከቁስለኞቹ መካከል ኦስትሪያውያን፣ ማለትም ከተማይቱ እንደ ጠላት የምታያቸው ነበሩባቸው። ሴቶቹ ግን ዱናንት ለማንም ሳያዳላ ሲያገለግል ባዩ ጊዜ፣ ሁሉም ወንድማማቾች ናቸው እያሉ ወገንንና ባዕድን ሳይለዩ አስታመሙ። ፕሮቴስታንቱ እንግዳና ካቶሊካውያቱ እናቶች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ አብረው ተንበርክከው አገለገሉ።

ዱናንት ከዚያው ሆኖ ስለ ሁኔታው ለአንዲት የስዊስ ባላባት ጻፈ፤ ደብዳቤውም የጸሐፊው ስም ሳይጠቀስ በጄኔቫ ጋዜጣ ታተመ። የጎረቤት አገር ሕዝብም እርዳታ አዋጥቶ ወደ ሎምባርዲያ ላከ። ሆኖም ዱናንት ወደ አገሩ ተመልሶ ያየውን መርሳት አልቻለም። በዚያች ሌሊት የጎደለው ርኅራኄ ሳይሆን ዝግጅት መሆኑን ተረድቶ ነበርና በ1862 «የሶልፌሪኖ ትዝታ» የተባለውን መጽሐፍ በራሱ ወጪ አሳተመ። በውስጡ ሁለት ነገሮችን ጠየቀ፤ አንደኛ፣ በየአገሩ ገና በሰላሙ ጊዜ ቁስለኛን ለመርዳት የሠለጠኑ ማኅበራት እንዲቋቋሙ፤ ሁለተኛ፣ ቁስለኞችና የሚረዷቸው ሰዎች በጦር ሜዳ እንዳይነኩ መንግሥታት በውል እንዲስማሙ ነው።

ሐሳቡ ፍሬ አፈራ። በፌብሩዋሪ 1863 አምስት የጄኔቫ ሰዎች፣ ማለትም ጉስታቭ ሙዋንዬ፣ ጄኔራል ዱፉር፣ ሐኪሞቹ ሉዊ አፒያና ቴዎዶር ሞኑዋር፣ እንዲሁም ዱናንት ኮሚቴ አቋቋሙ። በኦገስት 22 ቀን 1864 ዐሥራ ሁለት መንግሥታት የመጀመሪያውን የጄኔቫ ስምምነት ፈረሙ። የስዊስ ባንዲራ ቀለማቱ ተገልብጠው በነጭ ላይ ቀይ መስቀል ምልክት ሆነ።

የዱናንት የግል ሕይወት ግን ፈረሰ። በ1867 የአልጄሪያው ንግድ ከስሮ ወደ አንድ ሚሊዮን ፍራንክ የሚጠጋ ዕዳ ተከመረበት፤ ዘመዶቹና ወዳጆቹም በእርሱ ምክንያት ገንዘባቸውን አጡ። ጥፋቱን ልንሸፍንለት አይገባንም፤ በንግዱ ጥንቃቄ አጉድሎ ነበር፤ የጄኔቫ ፍርድ ቤትም ፈርዶበታል። ከኮሚቴው ወጣ፤ የትውልድ ከተማውንም ለቅቆ ዳግመኛ አላያትም። ለብዙ ዓመታት የሚያድርበት እስኪያጣ ድረስ ከአገር አገር ተንከራተተ። የመሠረተው ሥራ በዓለም ሲስፋፋ ስሙ ተረሳ።

በ1887 ሃይደን ወደምትባል የስዊስ መንደር መጣ፤ ከ1892 ጀምሮም በመንደሪቱ ሆስፒታል በአንዲት ክፍል ተቀመጠ። በ1895 የአንድ ካቶሊካዊ ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረው ጌኦርግ ባውምበርገር አግኝቶት ታሪኩን ጻፈ፤ ዓለምም ሞቷል ያለውን ሰው በሕይወት አገኘው። በ1901 የመጀመሪያው የኖቤል የሰላም ሽልማት ለእርሱና ለፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ፓሲ ተሰጠ። ዱናንት ግን ከገንዘቡ ለምቾቱ ምንም አላወጣም። በኑዛዜው በሃይደን ሆስፒታል ለድኻ ሕመምተኛ በነፃ የሚሰጥ አንድ አልጋ እንዲኖር አደረገ። በእርጅናው ከቤተ ክርስቲያን ማኅበራት ሁሉ ርቆ ነበር፤ ያለ ሥርዓት እንዲቀበርም አዘዘ፤ ራሱን ግን የክርስቶስ ደቀ መዝሙር አድርጎ ይቈጥር ነበር። በኦክቶበር 30 ቀን 1910 በ82 ዓመቱ ዐረፈ፤ መቃብሩም በዙሪክ ነው።

የእርሱ ፍሬ ወደ እኛም ደርሷል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ በተቃረበበት ጊዜ በጁላይ 8 ቀን 1935፣ በእኛ አቈጣጠር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ተመሠረተ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 30 ቀን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የስዊድንን የቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ደበደቡ። የካስቲልዮኔ እናቶች ለጠላት የዘረጉት እጅ በተገኘበት አገር መንግሥት ምልክቱ ተደፈረ። ስለዚህ ምሕረት አንድ ጊዜ በውል ከተጻፈ በኋላ እንኳ በየትውልዱ ልብ እንደገና ካልተጻፈ እንደማይጸና እንረዳለን።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ሲያስተምሩ ይህን ታሪክ ቢያክሉበት መልካም ነው። ሳምራዊው ቁስሉን ካሰረ በኋላ ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ገንዘብ ሰጥቶ ለነገም አስቧል፤ ዱናንትም የአንድ ሌሊት ዕንባውን ለሚመጣው ዘመን መሰናዶ አደረገው። እኛም በየቁምስናችን መከራ በር ሲያንኳኳ ከማልቀስ በፊት፣ ማን ውሃ እንደሚቀዳ፣ ማን ሕመምተኛ እንደሚያነሣ፣ ማን ቤቱን እንደሚከፍት ዛሬ በሰላሙ ቀን እንነጋገር።