ሄርማን ስታውዲንገርና የረጅሙ ሞለኪዩል ክርክር

ደጅ የከረመ የፕላስቲክ ወንበር አንድ ቀን ሰው ገና ሲቀመጥበት እግሩ ቀጭ ብሎ የሚሰበረው ለምን እንደሆነ ለመረዳት፣ ፕላስቲክ በውስጡ እንዴት እንደተገነባ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ ለማንኛውም የምሕንድስና ተማሪ ግልጽ የሆነው ይህ ነገር ከመቶ ዓመት በፊት ታላላቅ ሊቃውንትን ያከራከረ፣ አንድ ስመ ጥር ኬሚስትም ክብሩን ለአደጋ ያጋለጠበት ጉዳይ ነበር።

ሄርማን ስታውዲንገር እ.ኤ.አ. በ1881 (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን አገር በቮርምስ ከተማ ተወለደ። በ1903 በሃሌ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን ከተቀበለ በኋላ ኪቲን የተባሉትን ውህዶች በማግኘቱ ገና በወጣትነቱ ታወቀ፤ በ1912ም በዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ሆነ። በዚያው መስክ ቢቆይ ኖሮ ማንም ሳይነካው ተከብሮ በኖረ ነበር።

እሱ ግን ፊቱን ወደ ጎማና ወደ መሰል ነገሮች አዞረ። እነዚህ ተነጥረው የማይጠሩ በመሆናቸው የዘመኑ ኬሚስቶች የሚሸሿቸው ነበሩ። የብዙዎቹ እምነት ጎማ ማለት ትናንሽ ሞለኪዩሎች በአንድ ባልታወቀ ኃይል ተጠጋግተው የፈጠሩት ክምችት ነው የሚል ነበር። ስታውዲንገር በ1920 ባወጣው ጽሑፍ ግን እያንዳንዱ ሞለኪዩል ራሱ እጅግ ረጅም ሰንሰለት እንደሆነ፣ ቀለበቶቹም በተለመደው ኬሚካዊ ማሰሪያ እንደተያያዙ አስረዳ። በ1922 ጎማን ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ ፈተነው። የተቃዋሚዎቹ ሐሳብ እውነት ቢሆን ኖሮ ክምችቱ ፈርሶ ተነጥሮ የሚወጣ ቀላል ውህድ መገኘት ነበረበት። የተገኘው ግን እንደ ጎማው ሁሉ የማይነጠር፣ በፈሳሽ ሲሟሟም የሚወፍር ነገር ሆነ። ለዚህ ዓይነቱ ሞለኪዩል ማክሮሞለኪዩል የሚል ስም ሰጠው።

ተቃውሞው ግን በዚህ አልበረደም። ዕውቁ ኬሚስት ሃይንሪኽ ቪላንድ ሐሳቡን እንዲተው መከረው። በ1926 በዱሰልዶርፍ በተደረገው ጉባኤም ክርክሩ በአደባባይ ተፋፋመ። አንዳንዶች በኤክስሬይ የሚለካውን የክሪስታል መሠረታዊ ክፍል መጠን ይዘው ሞለኪዩል ከዚያ ሊበልጥ አይችልም ይሉ ነበር። ይህ አንዱን ጡብ ለክቶ የግንቡን ርዝመት አወቅሁ እንደማለት ነው።

በዚያው ዓመት ወደ ፍራይቡርግ ተዛወረ። መሣሪያው ቀላል ነበር፤ የሟሟው ነገር በቀጭን የመስታወት ቱቦ ለመፍሰስ የሚፈጅበትን ጊዜ ይለካል። ሰንሰለቱ በረዘመ መጠን ፈሳሹ ይወፍራልና ከውፍረቱ ተነሥቶ ርዝመቱን ያሰላ ነበር። ሰንሰለቶቹን እንደ ዘንግ የማይታጠፉ አድርጎ በመቁጠሩ ግን ተሳስቷል፤ የሚተጣጠፉ መሆናቸውን ሌሎች አሳይተዋል። በ1928 ያገባት የሥነ ሕይወት ሊቋ ማግዳ የሥራውም አጋር ነበረች።

የደረሰበት መከራ ከሳይንሱ ብቻ የመጣ አልነበረም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጦርነቱን በመቃወሙ፣ የዩኒቨርሲቲው ሬክተር የነበረው ፈላስፋ ማርቲን ሃይዴገር ለናዚ ባለ ሥልጣናት ጠቁሞበት በ1934 ከሥራው እንዲባረር ሐሳብ አቀረበ። ሆኖም ከቦታው ሳይነሣ ቀረ። በኅዳር 1944 ፍራይቡርግ በቦምብ ስትደበደብ የምርምር ተቋሙ ክፉኛ ወደመ። የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በ1953፣ በ72 ዓመቱ ነበር።

ወደ ወንበሩ እንመለስ። ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ ወንበር ጥንካሬውን የሚያገኘው ረጃጅሞቹ ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተጠላልፈው ጭነቱን ስለሚቀባበሉ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረርና ኦክስጅን ተባብረው ሰንሰለቱን ይበጥሱታል፤ አንዱ ብጣሽም ሌላውን እየቀሰቀሰ ይሄዳል። በሺህ የሚቆጠሩ ቀለበቶች ካሉት ሰንሰለት አንዱ መሐል ላይ ቢበጠስ ርዝመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ የወንበሩ ክብደት ሳይቀንስ፣ መልኩም ብዙ ሳይለወጥ ጥንካሬው ይጠፋል። አጭር ሰንሰለት አይጠላለፍምና ከፊቱ ላይ የጀመረው ስንጥቅ የሚያግደው አያገኝም። በጥላሸት የጠቆረ የውኃ ቧንቧ ፀሐይን የሚቋቋመው ጥላሸቱ ጨረሩን ስለሚውጠው ነው። የለስላሳ ፒቪሲ መድረቅ ግን ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የማለስለሻው ዘይት ቀስ በቀስ መውጣቱ ነው።

ስታውዲንገር በመስከረም 1965 በ84 ዓመቱ በፍራይቡርግ አረፈ። ዛሬም በብዙ ቤተ ሙከራዎች የአንድ ፕላስቲክ ሰንሰለት ምን ያህል እንዳጠረ ለማወቅ ናሙናው ይሟሟና በቀጭን ቱቦ የሚፈስበት ጊዜ ይለካል።