ቄስ ዮሐንስ ኩሎና የወፍራሙ መለከት አገልግሎት

በአንድ ትምህርት ቤት የመለከት ጓድ ሲቋቋም ተማሪው ሁሉ አስቀድሞ እጁን የሚዘረጋው ወደ ትንሿ ጡሩምባ ነው፤ ዜማውን የምትመራው እርስዋ ናትና። ቱባንና ትሮምቦንን ግን ብዙ ጊዜ የሚቀበላቸው ምርጫ ያጣው ልጅ ነው። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን እንድንረዳ በሉተራውያን ዘንድ የመለከት ጄኔራል ተብለው የታወቁትን የቄስ ዮሐንስ ኩሎን ሕይወት ልንተርክላችሁ ወደድን። ዓመታቱን የምንጽፈው እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ቄስ ኩሎ በ1856 በጀርመን አገር፥ በዌስትፋልያ ውስጥ፥ ጎፌልድ በምትባል መንደር ተወለዱ። አባታቸው ኤድዋርድ ኩሎም ቄስ ነበሩ። በዚያ አውራጃ መንፈሳዊ መነቃቃት በሆነበት ዘመን፥ በ1843፥ በዮለንቤክ ደብር የመጀመሪያው የመለከት ማኅበር ተቋቁሞ ስለ ነበር፥ ገበሬውና ሸማኔው ከሥራው ሲመለስ መለከቱን አንሥቶ መዝሙር ይነፋ ነበር። ልጁ ዮሐንስም በዚህ ድምፅ መካከል አደገ፤ በጉተርስሎ ተማሪ ሳለ፥ ኋላም የነገረ መለኮት ትምህርት ሲማር፥ መለከቱን ከእጁ አልለየም።

በሂልሆርስት ደብር ለ10 ዓመት ያህል ካገለገሉ በኋላ በ1893 የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ወደሚረዱበት ወደ ቤቴል ተጠሩ። በዚያም ከታላቁ አባት ከቦደልሽቪንግ ጋር ሠሩ፤ ድውያንን የሚያገለግሉ ዲያቆናት የሚሠለጥኑበትን የናዝሬትን ቤት መሩ።

ቄስ ኩሎ ለመለከት ማኅበራት ያደረጉት ትልቁ ነገር ኖታውን ማቅለላቸው ነው። በወታደር ጓድ ዘንድ ኖታው ለየመሣሪያው ይለዋወጥ ነበርና፥ ነፊው ከመዝሙር መጽሐፍ በቀጥታ ማንበብ አይሆንለትም ነበር። ኩሎ ግን እያንዳንዱ ነፊ በፒያኖ እንደሚሰማው አድርጎ እንዲያነብ አስተማሩ። ከዚህ የተነሣ ለአራት ድምፅ የተጻፈውን መዝሙር ቀጭኑም ወፍራሙም ነፊ ከአንድ ገጽ ላይ ማንበብ ቻለ።

ደግሞም ምእመናን የሚዘምሩትን ቃል ነፊው በልቡ ይዞ፥ እንደሚዘምር ሰው በለሰለሰ ድምፅ እንዲነፋ አዘዙ። እርሳቸው ራሳቸው የሚነፉት ዜማውን የሚይዘውን ፍሉገልሆርን ነበር፤ ነገር ግን ዜማ ያለ ባስ ጣራ ያለ ግድግዳ መሆኑን ያውቁ ነበር።

ምክንያቱም ይህ ነው። የጡሩምባ ቧንቧ ቢዘረጋ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ የትልቁ ቱባ ግን 5 ሜትር ተኩል ያህል ይደርሳል። ከዚህ ረጅም ቧንቧ የሚወጣው አንዱ ወፍራም ድምፅ በውስጡ ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን ይዟል፤ የላይኞቹም ነፊዎች ድምፃቸውን በዚያ ላይ ያስተካክላሉ። ባሱ ቢናወጥ ሁሉም ይናወጣል፤ ባሱ ቢጸና ግን በመጨረሻው ወንበር ያለችው አሮጊት እንኳ ድምፅዋን ሳትፈራ ታነሣለች። ቱባ ብዙ እስትንፋስ ይጠይቃል፤ ነፊው ግን ስሙ እምብዛም አይነሣም። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ አካልና ስለ ብልቶች ያስተማረን ትምህርት በዚህ በጆሮአችን ይሰማል።

አንባብያን ሆይ፥ የሰውን ሕይወት ስንተርክ ጥላውን መደበቅ አይገባንም። ቄስ ኩሎ በ1933 ሥልጣን የያዘውን ሂትለርን አወደሱ፤ ከመለከተኞቻቸው ጋርም በፊቱ ነፉ። እርሳቸው ሲያገለግሏቸው የኖሩትን የመሰሉ ድውያንን ያ መንግሥት ከጥቂት ዓመት በኋላ በብዙ ሺህ ገደለ። ኩሎ በ1941 በቤቴል አረፉ። መለከትን በትክክል የሰማ ጆሮ የዘመኑን ድምፅ ግን አልለየም። ስለዚህ የመዝሙር ስጦታ ሰውን ከመሳት እንደማያድነው፥ መሠረታችንም ክርስቶስ ብቻ እንደ ሆነ በፍርሃት እንማራለን።

ሥራቸው ግን ከእርሳቸው በኋላ ቀረ። በጀርመን አገር የመለከት ማኅበራት እስከ ዛሬ በሰንበትና በመቃብር ስፍራ ይነፋሉ፤ የቤቴል ወንጌላውያን በሠሩባት በዛሬይቱ ታንዛንያም የሉተራውያን የነሐስ ጓዶች በበዓልና በቀብር ምእመናንን ያጅባሉ።

እንግዲህ የትምህርት ቤት ጓድ የምታቋቁሙ መምህራን፥ ቱባውን ለሰነፉ ልጅ አትስጡት፤ ታጋሽ ለሆነውና ሌላውን ለሚሰማው ስጡት። ተቀብሎ የሚነፋውም ልጅ የታናሽ ሥራ ባለቤት እንዳልሆነ ንገሩት። እኛም በማኅበራችን ውስጥ ወንበር የሚያስተካክሉትን፥ ድውይ የሚጠይቁትን፥ በስውር የሚጸልዩትን እናስብ፤ መዝሙራችንን ከታች የሚሸከሙት እነርሱ ናቸውና። ለእግዚአብሔር ክብር ይሁን፤ አሜን።