የእሳቱን ሕዝብ በስም የጠራው ሐኪም

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የምትጫወቱ ሕጉን ታውቁታላችሁ። ሳላማንደር ሲመጣባችሁ የእሳት አስማት አይወረወርበትም፤ እሳት ምኑም አይደለም። የሚጎዳው ብርድ ነው። ከላይ እስከ ታች ነበልባል የሆነውን ፍጡር ደግሞ ውሃ ትደፉበታላችሁ፣ ከቻላችሁም ወደ ወንዝ ታስገቡታላችሁ። ፖኬሞን ላይም ያው ነው። ታናሽ ወንድሜ ማንበብ እንኳ ሳይጀምር ቻርማንደርን በውሃ ፖኬሞን መምታት እንዳለበት ያውቅ ነበር። የዚያ ስም ጅራትም ከሳላማንደር የተቆረጠ ነው።

እኔ ሳላማንደርን ያገኘሁት ግን በጨዋታ አይደለም። ለአንድ ኮርስ ስለ ሥራ ላይ በሽታዎች ሳነብ ነው ፓራሴልሰስ ከሚባል ሐኪም ጋር የተገናኘሁት። በእሳት ውስጥ የሚኖር ሕዝብ አለ ብሎ የጻፈው እሱ ነው። እንደ ጠላት ግን አላየውም ነበር።

የቤተሰቡ ስም ቴዎፍራስቱስ ፎን ሆሄንሃይም ነው። በስዊዘርላንድ፣ አይንዚደልን በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1493 ወይም በ1494 ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር። ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ዛሬ በኦስትሪያ ወደምትገኘው ፊላህ ተዛወሩ። አካባቢው ማዕድን የሚቆፈርበትና ብረት የሚቀልጥበት ነበር። ፓራሴልሰስም ካደገ በኋላ ሳይቀር በማዕድን ማውጫዎችና በእቶኖች መካከል ተመላልሷል፤ የሠራተኞቹን ሳል ሰምቷል፣ ደረታቸው እየተዘጋ ሲሞቱም አይቷል።

በዚያ ዘመን ለዚህ በሽታ መልስ ነበረው፤ የተራራ መናፍስት ኃጢአተኛውን ይቀጡታል ይባል ነበር። ፓራሴልሰስ ግን ምክንያቱን በሳንባ ውስጥ ፈለገው። ሰውየውን የሚገድለው ከብረታ ብረቱ እየወጣ የሚተነፍሰው ትነት ነው ብሎ ስለ ማዕድን ሠራተኞች በሽታ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ።

እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን አስቀምጬ አያቴን አሰብኩ። ጎንደር ገጠር ውስጥ ቀጥቃጭ ነበር። ብዙዎቻችሁ እንዲህ ዓይነት አያት አላችሁ፤ ወንዶቹ ወናፍ እየነፉ ማረሻ ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይተኩሳሉ። ጎረቤት ማረሻውንም ማሰሮውንም ይገዛል። የጎረቤት ልጅ ሲታመም ግን ጣት የሚቀሰረው ወደ እነዚያው እሳት አጠገብ ወደሚሠሩት ነው፤ ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብሎ። አያቴ ዓይኑ በጭስ እንደተጎዳ ነው የሞተው። የእሱን ዓይን ማን እንደበላው የጠየቀ ግን አልነበረም።

ወደ ሐኪሙ ልመለስ። ስሙ የገነነው በባዝል ከተማ ነው። ዮሃን ፍሮበን የሚባል ታዋቂ አሳታሚ እግሩ ታሞ ሌሎች ሐኪሞች ይቆረጥ ሲሉ፣ ፓራሴልሰስ ሳይቆረጥ አሻለው። በ1527 የከተማው ሐኪም ሆኖ ተሾመ፤ በዩኒቨርሲቲም የማስተማር መብት አገኘ። ወዲያው ሁለት ነገር አደረገ። በላቲን ፈንታ ሕዝቡ በሚናገረው በጀርመንኛ አስተማረ፤ ዲግሪ የሌላቸውን ፀጉር አስተካካይ ቀዶ ጠጋኞችም ጋበዘ። (በልጅነታችን ክሊኒክ ቁጭ ብለን ለእናቶቻችን ያስተረጎምን ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል።) በሰኔ 24 ደግሞ ተማሪዎች በለኮሱት የቅዱስ ዮሐንስ በዓል እሳት ውስጥ አንድ ወፍራም የሕክምና መጽሐፍ ወረወረ፤ የኢብን ሲና ነው ይባላል። እኔ በዚህ አላደንቀውም። ኢብን ሲና ታላቅ ሐኪም ነበር፤ መጽሐፍ ማቃጠልም ለማንም በጎ አላመጣም። ሰውየው አፉም ክፉ ነበር፤ ባልደረቦቹን ይሳደባል፣ ይጠጣል። አንድ ባለጸጋ ካህን ካዳንከኝ 100 ጉልደን እከፍልሃለሁ ብሎት ሲድን 6 ብቻ ሰጠው። ፓራሴልሰስ ከሰሰ፣ ተረታ፣ ዳኞቹን ሰደበ፤ በ1528 መጀመሪያ ከከተማው ሸሸ። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ዕድሜው ከከተማ ከተማ በመንከራተት አለፈ።

ስለ እሳቱ ሕዝብ የጻፈው በኋለኞቹ ዓመታት ነው። እንደ እሱ አባባል ዓሣ በውሃ እንደሚኖር ሁሉ በአራቱ ባሕርያት ውስጥ አራት ሕዝቦች ይኖራሉ፤ በውሃ፣ በአየር፣ በምድርና በእሳት። የእሳቶቹ ሳላማንደር ናቸው፤ ቀጫጭንና ረዣዥም። ሥጋና ደም አላቸው፣ ይበላሉ፣ ይናገራሉ፣ ነፍስ ግን የላቸውም። ቢሆንም የእግዚአብሔር ፍጥረት ናቸው፤ የተፈጥሮን ሀብት እንዲጠብቁ የተቀመጡ ናቸው አለ።

ስሙን የተዋሰው ከእውነተኛ እንስሳ ነው፤ በክረምት ዝናብ በቀርሜሎስና በገሊላ የሚወጣው ጥቁርና ቢጫ ሳላማንደር ዘመዱ ነው። እንስሳው ራሱ እርጥበት ወዳድ ነው። በማገዶ እንጨት ስንጥቅ ይደበቅና እንጨቱ ሲለኮስ ሮጦ ይወጣል፤ የጥንት ሰዎች ከእሳት ተወለደ ያሉት ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ አንድ ሰው በመናፍስት እያመነ የድሃውን ሳል በመናፍስት አላሳበበም። በዚህ ነው የወደድኩት።

በመስከረም 1541 በዛልትስቡርግ አንድ ማደሪያ ቤት ታሞ ተኝቶ ኑዛዜውን አስጻፈ፤ ከንብረቱ አብዛኛውን ለድሆች ተወ። ከሦስት ቀን በኋላ ሞተ፤ ዕድሜው 50 አልሞላም። በቅዱስ ሰባስቲያን መቃብር ቀበሩት።

ሁለቱም መጻሕፍት ሲታተሙ አላያቸውም። የሳላማንደሩ በ1566፣ የማዕድን ሠራተኞቹ በ1567 ወጡ። የመጀመሪያው በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝና በጀርመን ደራሲያን እጅ እየዞረ ቆይቶ በ1974 ከወጣው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ጋር ወደ ጨዋታው ዓለም ገባ። ሁለተኛውን ለወንድሜ ልነግረው ሞክሬ ነበር። ሰምቶኝ ዝም አለና አያታችን ሲሠራ ፊቱን የሚሸፍንበት ነገር ነበረው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልነበረውም።