የፍሬድሪክ ዳግላስ ሕይወት፤ ክፋትን ከመቃወም በጎውን ወደ መያዝ

አንባቢ ሆይ፤ ክፉን ነገር መጥላት መልካም ነው። ነገር ግን ዱሩን መንጥሮ ዘር ያልዘራ ገበሬ በመከር ጊዜ ባዶ እጁን ይቀራል። ክፋትን በመቃወም ብቻ የሚኖር ሰውም እንዲሁ ነው። ይህን ትረዳ ዘንድ የፍሬድሪክ ዳግላስን ታሪክ በአጭሩ እነግርሃለሁ፤ ዓመታቱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ዳግላስ በ1818 በአሜሪካ፥ ሜሪላንድ በሚባለው ግዛት፥ ከባሪያ እናት ተወለደ። በዚያ አገር ጥቁር ሰው ለነጭ ሊገዛ ተፈጥሮአል የሚል ትምህርት ሠልጥኖ ነበር፤ ከሰባኪዎችም ብዙዎቹ ይህን በመጽሐፍ ቅዱስ ስም ያጸድቁት ነበር። ልጁ ወደ ባልቲሞር ከተማ በተላከ ጊዜ የቤቱ እመቤት ፊደል ታስቈጥረው ጀመረች፤ ባልዋ ግን ማንበብ የተማረ ባሪያ ለባርነት አይመችም ብሎ ከለከላት። ልጁም ከዚህ ክልከላ ትምህርት የነጻነት መንገድ መሆኑን አስተዋለ፤ በመንገድ ለሚያገኛቸው ለድሆች ነጭ ልጆች ዳቦ እየሰጠ ንባብን ከእነርሱ ተማረ። በ1838 የመርከበኛ ልብስ ለብሶ በባቡር ወደ ሰሜን አመለጠ።

በ1841 ዊልያም ሎይድ ጋሪሰን ከሚመራቸው የባርነት ተቃዋሚዎች ጋር ተባበረ፤ እየዞረም የደረሰበትን ግፍ በሕዝብ ፊት መሰከረ። ወዳጆቹ ግን መከራውን ብቻ እንዲናገር፥ ምክንያቱንና ክርክሩን ለእነርሱ እንዲተው ይፈልጉ ነበር። ጋሪሰንም የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ከባርነት ጋር የተደረገ ውል ስለ ሆነ፥ ባርነትን የሚጠላ ሁሉ ከምርጫ ይራቅ ብሎ ያስተምር ነበር። ዳግላስም ይህን ትምህርት ለዓመታት ሰበከ።

በ1845 የሕይወቱን ታሪክ ጽፎ ባሳተመ ጊዜ ጌታው እንዳያስይዘው ፈርቶ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ፤ በ1846 በዚያ ያሉ ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ነጻነቱን ገዙለት። በ1847 ተመልሶ በሮቼስተር ከተማ የሰሜን ኮከብ የሚባል ጋዜጣ አቋቋመ። የጋዜጣ አዘጋጅ በሆነ ጊዜ ሕጉን ራሱ መመርመር ግድ ሆነበት። በሕገ መንግሥቱም ውስጥ ባሪያ የሚል ቃል እንደሌለ፥ መግቢያውም ስለ ሕዝብ እንጂ ስለ ቆዳ ቀለም እንደማይናገር ተመለከተ። በ1851 አሳቡን መለወጡን በግልጥ አስታወቀ። ስለዚህም ነገር ከጋሪሰን ጋር የነበረው ወዳጅነት ፈረሰ፤ የቀድሞ ባልንጀሮቹም እንደ ከዳተኛ ቈጠሩት።

ከዚህ በኋላ ባርነትን መቃወም ተወ ብለህ አታስብ፤ የሚቃወመው ግን ከፊቱ የሚያቆመው ነገር ስላለው ነበር። በ1848 የሴቶችን የመምረጥ መብት ደግፎ እንደ ተናገረ፥ እስከ ዕለተ ሞቱ ከዚህ አልተመለሰም። በ1863 በእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጥቁር ወታደሮችን መለመለ፤ ሁለት ልጆቹም ዘመቱ። ደመወዛቸው ከነጮቹ ባነሰ ጊዜም ወደ ፕሬዚደንት ሊንከን ገብቶ እኩልነትን ጠየቀ። ባርነት በ1865 በሕግ ተሻረ። በ1877 የቀድሞ ጌታውን ቶማስ ኦልድን በሽምግልና ታሞ ተኝቶ ሳለ ጐበኘው፤ ሁለቱም አለቀሱ። ጌታውን ይጠላው ዘንድ በቂ ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን የሰውን ክብር ለሁሉ ይገባል ብሎ ይዞ ስለ ነበር ለእርሱም አልነፈገውም። በ1895 በዋሽንግተን የሴቶችን ጉባኤ ተካፍሎ ወደ ቤቱ በተመለሰበት ቀን ዐረፈ።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፤ የምትጠላውን ለመናገር አትቸገር ይሆናል። ስለምትይዘው ነገር ግን ራስህን ጠይቅ። ጉቦን የምትነቅፍ ከሆንህ በእጅህ ያለውን ጉዳይ በቅን ፍረድ። ሰውን መናቅ የሚያስቈጣህ ከሆነ፥ በቤትህ የሚያገለግለውን ሰው ዛሬ በስሙ ጥራው፤ ደመወዙንም በቀኑ ስጠው፤ ልጁም ፊደል ይቈጥር ዘንድ እርዳው።