ቻርልስ ቶም

ቻርልስ ቶም (እ.ኤ.አ. 1872 – 1956) አሜሪካዊ የፈንገስ ተመራማሪ ነበር። በተለይ የሚታወቀው ፔኒሲሊየምና አስፐርጊለስ የተባሉትን የሻጋታ ወገኖች ዝርያ በዝርያ ለይቶ በመግለጹ ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወቱ

በኢሊኖይ ክፍላገር ሚኖንክ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። በ1899 ከሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ተቀበለ፤ ጥናቱ ግን ስለ ፈርን ተክሎች እንጂ ስለ ሻጋታ አልነበረም። ወደ ሻጋታ ያመጣው አይብ ነው። በ1904 በኮነቲከት፣ ስቶርስ የእርሻ ምርምር ጣቢያ፣ የአውሮፓ አይቦች በአሜሪካ የሚሠሩበትን መንገድ ማጥናት ጀመረ። የካማምቤርና የሮክፎር አይብ ጣዕማቸውን የሚያገኙት ከሚበቅልባቸው ሻጋታ ነው። ቶም ሁለቱን ሻጋታዎች በ1906 ፔኒሲሊየም ካማምቤርቲ እና ፔኒሲሊየም ሮክፎርቲ ብሎ ሰየማቸው፤ ስሞቹ እስከ ዛሬ ያገለግላሉ።

ሻጋታን የመለየት ዘዴው

አንድ ሻጋታ በዳቦ ላይ ሲበቅልና በፍራፍሬ ላይ ሲበቅል መልኩ ይለያያል፤ ሲያረጅም እንዲሁ። ስለዚህ አንዱን ሻጋታ የተለያዩ ሰዎች በየፊናቸው የተለያየ ስም ይሰጡት ነበር። ቶም በ1910 ባሳተመው ጥናት የተከተለው መፍትሔ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፦ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ምግብ ላይ አብቅሎ ጎን ለጎን ማወዳደር።

መጀመሪያ በዓይን የሚታየው ይመዘገባል። ኮሎኒው፣ ማለትም በሳህኑ ላይ የተንሰራፋው የሻጋታ ክብ፣ እንደ ከፋይ ለስላሳ ነው ወይስ እንደ ባዘቶ የተንጨፈረረ? አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ያደላል ወይስ ወደ ቢጫ? ሳህኑ ሲገለበጥ ከሥር ምን ቀለም ይታያል? ቀለሙ ወደ ምግቡ ይሰርጋል? በላዩ ጠብታ ያቁራል? ሽታውስ? ከዚያ በማይክሮስኮፕ ዘር ተሸካሚው ዘንግ ይታያል። በፔኒሲሊየም የዘንጉ ጫፍ ተከፋፍሎ ትንሽ ብሩሽ ይመስላል፤ ስሙም ብሩሽ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። የአስፐርጊለስ ጫፍ ግን እንደ ኳስ ያበጠ ነው። በሰነበተ እንጀራ ላይ ሁለቱም ስለሚገኙ ቀለም ብቻውን አይበቃም። ዝርያውን ለማወቅ ደግሞ የብሩሹ ቅርንጫፎች ስንት እርከን እንዳላቸው ይቆጠራል፤ የዘሮቹም ቅርጽ፣ መጠንና ልስላሴ ይመረመራል።

በ1926 ከማርጋሬት ቸርች ጋር ስለ አስፐርጊለስ፣ በ1930 ደግሞ ለብቻው ስለ ፔኒሲሊየም መጽሐፍ አሳተመ።

ፔኒሲሊን

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1929 ባወጣው ጽሑፍ ባክቴሪያ ገዳዩን ሻጋታ ፔኒሲሊየም ሩብሩም ብሎት ነበር፤ ስሙን የሰጠው ባልደረባው ነው። ስሕተቱ ቀላል አልነበረም፦ በዚያ ስም የሚታወቅ ሌላ ሻጋታ ያበቀለ ተመራማሪ ድካሙ ከንቱ ሊሆን ይችል ነበር። ሻጋታው ለቶም ሲላክለት ፔኒሲሊየም ኖታቱም መሆኑን ለየ፤ ይህ ስዊድናዊው ሪቻርድ ቬስትሊንግ በ1911 የገለጸው ዝርያ ነው። የታረመው ስም በ1932 በሃሮልድ ራይስትሪክ ቡድን ጽሑፍ ታተመ።

በ1941 ሃዋርድ ፍሎሪና ኖርማን ሂትሊ ፔኒሲሊን በብዛት የሚያመርትላቸው ፍለጋ ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ መጡ። በእርሻ ሚኒስቴር ይሠራ የነበረው ቶም ከረዷቸው አንዱ ሲሆን፣ መንገዳቸው በእርሱ በኩል ወደ ፒዮሪያ ቤተ ሙከራ አመራ። በዚያው ከተማ በ1943 ከሻገተ ካንታሎፕ የተገኘ ፔኒሲሊየም ክሪሶጀነም ከፍሌሚንግ ሻጋታ እጅግ የበለጠ ፔኒሲሊን ሰጠ።

ቶም በ1942 ጡረታ ቢወጣም ከኬነት ሬፐር ጋር በ1945 ስለ አስፐርጊለስ፣ በ1949 ስለ ፔኒሲሊየም ሁለት ትልልቅ መጻሕፍት አሳትሟል። በ1956 በኒው ዮርክ ክፍላገር፣ ፖርት ጄፈርሰን አረፈ። የፍሌሚንግ ሻጋታ በ2011 በታተመ የዘረመል ጥናት ፔኒሲሊየም ሩቤንስ ተብሏል፤ ቶም በዘመኑ የነበሩት መሣሪያዎች ኮሎኒውና ማይክሮስኮፑ ብቻ ነበሩ።