ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የሸማኔው ሒሳብ

በጉለሌ፣ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ያለ ሸማኔ ከጉድጓዱ ገብቶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ያየ ሰው ከሙያው አንዳች የጎደለ ነገር አያገኝበትም። ከጋሞ ደጋ የመጡ አባቶች ያወረሱት እጅ ነው። ጉድለቱ የሚታየው ጥለቱ አልቆ ነጠላው ተቆርጦ ከወረደ በኋላ ነው። ድሩ የፋብሪካ ክር ስለሆነ ገንዘብ ያጠረው ሸማኔ ከነጋዴ በዱቤ ይወስደዋል፤ ነጋዴውም ዕዳውን የሚቀበለው እርሱ ባወጣው ዋጋ በሸማ ነው። በክረምት ገበያው በቀዘቀዘበት ወቅት በርካሽ የወጣው ነጠላ ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀትና ለሠርግ ወራት ሲደርስ ትርፉ የባለ መደብሩ ይሆናል። ማኅበራችን፣ የእጅ ባለሙያ ስለ ምን የረጅም ጊዜ ዕቅድ ያስፈልገዋል በሚለው ጉዳይ እንድጽፍ ባዘዘኝ ጊዜ፣ ወዲያው የታሰቡኝ ከመቶ ዓመት በፊት ያረፉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አካባቢ ማይ ምሻም በተባለው ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ሞቱ። ሕፃኑ በምጽዋ አጠገብ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ከቆጠሩ በኋላ፣ እንደሚተረከው፣ ከወደቡ ወደ ቆመ መርከብ ገብተው ሳይወርዱ ቀሩ፤ መርከቡም ይዟቸው ሄደ። በአውሮፓ አንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ እንደ ልጁ አሳደጋቸው። ጀርመንኛ ተማሩ፤ በበርሊንም የሕክምና ትምህርት ተከታተሉ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ ያገኟት ኢትዮጵያ የአድዋን ድል የተቀዳጀች፣ ነገር ግን መርፌና አቡጀዴ ከባሕር ማዶ የምታስመጣ አገር ነበረች። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ባለ እጁን በሙያው መስደብን ከልክለው ነበር። አዋጁ ታላቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ክብር ክር አይገዛም። ገብረ ሕይወት የተነሡበት ጥያቄ ከዚህ የሚቀጥል ይመስለኛል፦ ጠንክሮ የሚሠራ ሕዝብ ስለ ምን ደኸየ?

በ1904 ዓ.ም. አሥመራ ላይ የታተመው ስለ አፄ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ የጻፉት ድርሰት ቤተ መንግሥቱን ያላንዳች ፍርሃት የሚገሥጽ ነበር። በኋላም የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ይህ ሹመት ከሁሉ የበለጠ ያስተማራቸው ይመስለኛል። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ጉምሩክ የተቀመጠ ሰው ቡናና ቆዳ ሲወጣ፣ የፋብሪካ ጨርቅና ዕቃ ሲገባ በየቀኑ ያያል። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተሰኘው መጽሐፋቸው ያብራሩትም ይህንኑ ልውውጥ ነው። ሀብት ከሥራ ይመነጫል፤ ዕውቀት የሥራን ፍሬ ያበዛል፤ ስለዚህ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ የብዙ ቀን ድካሙን ለባለ ዕውቀቱ የጥቂት ሰዓት ሥራ ይለውጣል። በየበሩ የሚከፈለው ቀረጥ፣ በዓይነት የሚሰበሰበው ግብርና ማብቂያ ያጣው ጦርነት ደግሞ ጥሪት እንዳይጠራቀም ያደርጋሉ። የኋላ ዘመን የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በላቲን አሜሪካ ስለ አለመመጣጠን ንግድ ከመጻፋቸው ብዙ ዓመታት አስቀድሞ የተጻፈ ነው።

አንባቢው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ እንጂ፣ መጽሐፉ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ነጋድራስ የሚናገሩት ከመንግሥት ጋር ነው። መፍትሔውን ከላይ፣ ከሕግና ከግብር ሥርዓት ይጠብቃሉ። ሸማኔው ራሱ በጓዳው ምን ያድርግ ለሚለው መልስ አይሰጡም። ሆኖም ሐሳባቸውን ከአገር ወደ ቤት ብናወርደው እንደዚያው ይሠራል። አንድ ነጠላ ስንት ቀን እንደፈጀ የማይቆጥር ሸማኔ የድካሙን ዋጋ ሌላ ሰው እንዲተምንለት ፈቅዷል ማለት ነው። የቤቱን ወጪና የሽመናውን ገንዘብ በአንድ ኪስ የሚይዝም ክሩ ሲረክስ የሚገዛበት ጥሪት አያገኝም። ጉለሌ ውስጥ ዕቁብ የማያውቅ ባለሙያ የለም ማለት ይቻላል፤ ዕጣው ሲደርሰው ለድግስ ሳይሆን ለመጪው ክረምት ክር የሚያውለው ግን ጥቂቱ ነው። ይህ ጥቂት ሰው የሠራውን ሸማ ይዞ የሠርጉን ወር መጠበቅ ይችላል። ዕቅድ የምንለው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ዓመቱን አስቀድሞ ማየት ነው። ሸማኔው ስንፍና አለበት የሚሉትን ግን አልቀበልም፤ ለዕለት እንጀራ የሚሸምን ሰው ዓመቱን የሚያይበት ፋታ የሚያገኘው ከየት ነው? የመጀመሪያውን የክር ጥሪት የሚያገኝበትን መንገድ ማመልከት የእኛ የባለሙያዎቹ ሥራ ነበር።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። የዋናው መጽሐፋቸው ጽሑፍ አምስት ዓመት ከቆየ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ፈቃድ አዲስ አበባ ታተመ። በዚያን ጊዜ ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር፤ የውጭው ጨርቅም ከመርከብ ወርዶ እስከ ከተማዋ ገበያ ድረስ በሐዲድ ይመጣ ነበር።